ስለ ድረ ገጽ ፖርታሎች ታሪክና ዐይነት

ፖርታል የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው። ፖርታ ማለት በር ሲሆን፣ ከእርሱ የወጣው ፖርታል ግን የተራ ቤት በር አይደለም፤ የካቴድራል፣ የቤተ መንግሥት ወይም የከተማ ቅጥር ትልቅ መግቢያ ነው። ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላ ለዚሁ ቃል ሌላ ትርጓሜ ተጨመረለት። በአዲሱ ትርጓሜ ፖርታል ማለት ዜናውን፣ ማውጫውን፣ መፈለጊያውን፣ ኢሜይሉንና ሌላውንም አገልግሎት በአንድ መነሻ ገጽ ላይ ሰብስቦ፣ ተጠቃሚው ከዚያ ተነሥቶ ወደሚፈልገው ስፍራ እንዲደርስ የተሰናዳ ድረ ገጽ ነው።

ስለ ፖርታሎች የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የኩባንያዎች ዜና መዋዕል ነው፤ ማን መሠረተው፣ ማን ገዛው፣ በስንት ዶላር ተሸጠ የሚል ነው። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን ነገሩን አያስረዳም። የአገራችን መንገደኛ ሁለት ዐይነት መግቢያ ያውቃል። አንዱ በር ነው፤ ሰውን አሳልፎ ይሰዳል። ሁለተኛው ኬላ ነው፤ አስቁሞ ይፈትሻል፣ ይቀርጣል። ፖርታል በስሙ በር ነው፤ በኑሮው ግን ለኬላ የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው ጥያቄ፣ የበሩ ባለቤት የሚጠቀመው ሰው ሲያልፍ ነውን ወይስ ሲቈይ የሚለው ነው። የፖርታሎች መነሣትና መውደቅ፣ እንዲሁም የዐይነታቸው መለያየት፣ ከዚህ ጥያቄ መልስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ድረ ገጽ ሳይኖርም ፖርታል ነበረ ለማለት ይቻላል። የፈረንሳይ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት በ1982 ሚኒቴል የሚባለውን ባለ ስክሪን መሣሪያ በአገሩ ማደል ጀመረ። መሣሪያው ከስልክ መስመር ጋር የሚገናኝ ሲሆን ለተጠቃሚው በነፃ ይሰጥ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በወረቀት የሚታተመውን የስልክ ቍጥር መጽሐፍ በዚህ ለመተካት አስቦ ነበርና። በ1984 ደግሞ ኪዮስክ የተባለው ሥርዐት ተጨመረ። ተጠቃሚው 3615 ብሎ ይደውልና የሚፈልገውን አገልግሎት ስም ይጽፋል፤ ሒሳቡ እንደ ቈየበት ጊዜ መጠን ተቈጥሮ በስልክ ሒሳቡ ላይ ይመጣበታል፤ ገንዘቡንም መሥሪያ ቤቱና አገልግሎቱን ያቀረበው ወገን ይካፈሉታል። በሩን የያዘው መንግሥት ነበር፤ ነገር ግን ከበሩ ወዲያ ሱቅ የከፈተው ሁሉ ድርሻውን ያውቅ ነበር። ሚኒቴል እስከ 2012 ድረስ መቈየቱ በከፊል ከዚህ ግልጽነት የመጣ ይመስለኛል። በአሜሪካም በዚያው ዘመን ኮምፑሰርቭ፣ ፕሮዲጂና አሜሪካ ኦንላይን የሚባሉ አገልግሎቶች ነበሩ። እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው ደንበኛን በየወሩ እያስከፈሉ በውስጣቸው ያለውን ብቻ የሚያሳዩ ዝግ ቅጥሮች ነበሩ።

ቅጥሩን ያፈረሰው ዓለም አቀፉ ድር ነው። መሥራቹ ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አጠገብ ባለው በሴርን የምርምር ጣቢያ ሳለ፣ በ1991 ገጾችን በየርእሳቸው የሚመዘግብ ዝርዝር ጀምሮ ነበር። ይህ ዝርዝር በኋላ ቨርቹዋል ላይብረሪ ተብሎ፣ በየዘርፉ ዕውቀት ያላቸው ፈቃደኞች ተከፋፍለው የሚጠብቁት ሆነ። በ1993 ሞዛይክ የተባለው ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ የሚያሳይ ማሰሻ ሲወጣ ግን የገጾቹ ቍጥር ከጠባቂዎቹ ዐቅም በላይ መሆን ጀመረ። ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ገጽ ይከፍታል፤ የት እንዳለ ግን የሚነግር የለም። መጽሐፍ በየዕለቱ የሚገባበት፣ ካታሎግ ግን የሌለው ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው።

ይህን ካታሎግ ሊሠሩ የተነሡት ሁለት ተማሪዎች መሆናቸው የዚህን ጽሑፍ አንባቢዎች ሳያስደስት አይቀርም። በ1994 መጀመሪያ ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች፣ በዶክትሬት ድርሰታቸው ላይ መሥራት ሲገባቸው፣ የወደዷቸውን ገጾች እየመዘገቡ ያስቀምጡ ጀመር። ዝርዝሩ ሲረዝም በመደብ ከፈሉት፤ መደቡ ሲበዛ በንኡስ መደብ ከፈሉት። ማውጫው የተቀመጠባቸው ሁለት ኮምፒዩተሮች አኬቦኖና ኮኒሺኪ በሚባሉ የሱሞ ታጋዮች ስም የተጠሩ ነበሩ። መጀመሪያ የዴቪድና የጄሪ መሪ ዝርዝር ይባል የነበረው ማውጫ በዚያው ዓመት ያሁ ተባለ፤ በማርች 1995 ኩባንያ ሆኖ ተቋቋመ፤ በአፕሪል 1996 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ በመጀመሪያው ቀን በ13 ዶላር የተመደበው አክሲዮን ቀኑ ሲያልቅ 33 ዶላር ሆነ። ድርሰቶቹ ሳይጨረሱ ቀሩ።

የያሁ ማውጫ አሠራር ጥቂት ልንቈይበት የሚገባ ነው። ገጽ የከፈተ ሰው ገጹን ለያሁ ያስታውቃል፤ ከዚያ አንድ የያሁ ሠራተኛ ገጹን ከፍቶ ያነበዋል፤ የሚረባ መሆኑን ይፈርዳል፤ በየትኛው መደብ እንደሚገባ ይወስናል። ዋናዎቹ መደቦች 14 ነበሩ፤ ሥነ ጥበብ፣ ንግድ፣ ትምህርት፣ መንግሥት፣ ጤና፣ ሳይንስ፣ አገሮች እያሉ ይቀጥላሉ። አንድ ነገር በሁለት መደብ ሊገባ የሚችል ሲሆን፣ በአንደኛው ብቻ ተመዝግቦ በሌላው ስሙ ከአንድ ምልክት ጋር ይጻፍ ነበር፤ በቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ «ተመልከት» ተብሎ እንደሚጻፈው ያለ ነው። የመደቡን ሥርዐት በኀላፊነት ለመምራት በ1995 የተቀጠረችው ስሪኒጃ ስሪኒቫሳን የተማረችው በዚያው በስታንፎርድ ስለ አእምሮ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ኮምፒዩተር የሚያጠናውን ትምህርት ነበር። እንግዲህ በዘመኑ ትልቁ የኢንተርኔት በር የቆመው በመሣሪያ ብልኀት ሳይሆን በሰው ንባብና ፍርድ ላይ ነበር።

የዚህ አሠራር ጥቅሙና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ ይወጣል። ሰው ያነበበው ዝርዝር ስለ ሆነ የማይረባው ይቀራል፤ ፈላጊውም የሚፈልገውን ስም ባያውቅ እንኳ በመደቡ እየወረደ ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን የሰው ንባብ በቀን የሚጨርሰው የተወሰነ ነው፤ የገጾቹ ቍጥር ግን ወሰን የለውም። ስለዚህ በዚያው ጊዜ ሌላ ስልት ተነሣ፤ ይኸውም ገጾችን በራሱ እየዞረ የሚያነብ፣ ቃላቱን እየመዘገበ የሚፈልግ መሣሪያ ነው። ዌብክሮለርና ላይኮስ በ1994፣ አልታቪስታ በ1995 መጨረሻ ታዩ። እነዚህ ብዙ ያመጡ ነበር፤ የቱ እንደሚሻል ግን አይለዩም ነበር። ሁለቱ ስልቶች ለጥቂት ዓመታት ጎን ለጎን ኖሩ።

አሁን ማውጫው እንዴት ፖርታል እንደ ሆነ ወደ ማየት እንመጣለን፤ ለውጡን ያመጣው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ማውጫው ለተጠቃሚው ነፃ ስለ ነበረ ገቢው ከማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ የማስታወቂያ ዋጋም የሚቈጠረው በታየው ገጽ ብዛት ነው። ታዲያ ጥሩ ማውጫ ሰውን በሁለትና በሦስት ገጽ ውስጥ ወደሚፈልገው አድርሶ ያሰናብተዋል። ማውጫው በሥራው በበረታ መጠን ደንበኛው ቶሎ ይሄዳል፤ ደንበኛው ቶሎ በሄደ መጠን ገቢው ይቀንሳል። ይህ ተቃርኖ የፖርታሎችን ታሪክ ሁሉ ይገዛል ብዬ አምናለሁ።

የመግቢያ ስፍራ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው ምናልባት የማሰሻው ሠሪ ኔትስኬፕ ነው። ሰው ማሰሻውን ሲከፍት ከሁሉ በፊት የሚያየው የኔትስኬፕን ገጽ ስለ ነበረ፣ በ1996 አምስት የፍለጋ ኩባንያዎች በዚያ ገጽ ላይ ስማቸው እንዲወጣ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። በሩ ራሱ ለበር ጠባቂዎች ተከራየ ማለት ነው። ያሁም ሰውን የሚያቈይበትን ይፈልግ ጀመር። በ1996 ማይ ያሁ የተባለውን፣ ተጠቃሚው የአየሩን ሁኔታ፣ የአክሲዮን ዋጋና ዜናውን እንደ ፍላጎቱ የሚያደራጅበትን ገጽ አወጣ። በ1997 ሮኬትሜይል የሚባል የኢሜይል አገልግሎት የነበረውን ፎር ኢለቨን የተባለ ኩባንያ ገዝቶ የራሱን ኢሜይል አቋቋመ። ኢሜይል ከሁሉ የበለጠ ማሰሪያ ነው፤ አድራሻውን ለወዳጅ ዘመድ ያስታወቀ ሰው በየዕለቱ ወደዚያው በር መመለሱ አይቀርም። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት መጨረሻ ሆትሜይልን የገዛው ይህንኑ አይቶ ነው።

ፖርታል የሚለው ስም በንግዱ ዓለም የገነነው በ1997ና በ1998 መካከል ነው። ያሁ፣ ኤክሳይት፣ ላይኮስ፣ ኢንፎሲክ፣ ኔትስኬፕና ኤም ኤስ ኤን አንዱ ሌላውን እየቀዱ፣ ስማቸውን ቢሸፍኑት ማን ማን እንደ ሆነ የማይለይ ገጽ ይዘው ቀረቡ። ሁሉም ዜና፣ ሁሉም ኢሜይል፣ ሁሉም ኮከብ ቈጠራ ነበረው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። ዲዝኒ ኢንፎሲክን ይዞ ጎ ዶት ኮም የተባለ ፖርታል አቋቋመ፤ በ2001 ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ኤክሳይት በ1999 አት ሆም ከተባለው ኩባንያ ጋር ከ6 ቢሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ተዋሐደ፤ በ2001 ኪሳራውን አሳወቀ። ላይኮስን የስፓኙ ቴራ በ2000 በ12.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2004 አንድ መቶ ሚሊዮን በማይሞላ ዋጋ ለኮሪያው ዳውም ሸጠው። ያሁም ራሱ በ1999 ጂኦሲቲስን ከ3 ቢሊዮን በሚበልጥ ዋጋ ገዛ፤ ሚሊዮኖች የግል ገጻቸውን የሠሩበት ይህ ስፍራ በ2009 ሲዘጋ ብዙው ጠፋ፤ የተረፈውም በፈቃደኞች ጥረት የተቀዳው ነው። የገንዘቡ መጥፋት የባለ አክሲዮኖች ጕዳይ ነው፤ የገጾቹ መጥፋት ግን ታሪክ ጸሐፊን ይመለከታል፤ የዚያ ዘመን ተራ ሰው የጻፈው ነበርና።

ከሁሉ የገነነው ውድቀት የአሜሪካ ኦንላይን ነው። ኩባንያው በጃንዋሪ 2000 ታይም ዋርነርን ለመጠቅለል መስማማቱን ሲያስታውቅ የውሉ ዋጋ ከ160 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቶ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በሩም፣ ከበሩ ወዲያ ያለው ፊልም፣ መጽሔትና ዜናም የአንድ ባለቤት ይሁን የሚል ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሰው በስልክ መስመር መደወሉን ትቶ በፈጣን መስመር መግባት ጀመረ፤ ለፈጣን መስመር የከፈለ ደግሞ ለበር ሁለተኛ የሚከፍልበት ምክንያት አልነበረውም። ድርጅቱ ለ2002 ያስታወቀው ኪሳራ ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2009 ተለያዩ።

ያሁን ያሸነፈው ደግሞ ሌላ ፖርታል አይደለም። ጉግል በ1998 የተመሠረተው እንደ ያሁ በስታንፎርድ ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎች፣ በላሪ ፔጅና በሰርጌ ብሪን ነው። አንድ ገጽ ስንት ሌሎች ገጾች እንዳመለከቱት፣ ያመለከቱትም ራሳቸው ምን ያህል የተከበሩ እንደ ሆኑ በማስላት ከብዙው የሚሻለውን አስቀደመ። በዚህ ስሌት የሰው ፍርድ አልጠፋም፤ በሚሊዮን ገጽ ጸሐፊዎች መካከል ተበትኖ የነበረው ፍርድ ተሰበሰበ እንጂ። መነሻ ገጹም አንድ ባዶ መጻፊያና ሁለት ቁልፎች ብቻ ነበሩበት። ፔጅ በ2004 ሲናገር፣ ፖርታሎች ሰውን በውስጣቸው ለማቈየት እንደሚፈልጉ፣ እነርሱ ግን ቶሎ አግኝቶ እንዲሄድ እንደሚፈልጉ አስረድቶ ነበር። ይህን ለማለት የቻሉበት ምክንያት ጨዋነት ብቻ አይደለም። የጉግል ማስታወቂያ ከተፈለገው ቃል ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ተጠቃሚው ማስታወቂያውን ተጭኖ ሲሄድ ገንዘብ ይገኛል። ስለዚህ የበሩ ባለቤት ሰው በማለፉ የሚጠቀም ሆነ።

ያሁ ይህን ኀይል በገዛ እጁ አሳደገ ማለት ይቻላል። ፍለጋን እንደ ዋና ሥራ ሳይሆን በገጹ ላይ እንዳለ አንድ ዕቃ ቈጥሮ፣ በጁን 2000 የፍለጋ ሥራውን ለጉግል ሰጠ፤ እስከ 2004 ድረስም የያሁ ደንበኞች በያሁ በር ገብተው የጉግልን መልስ ሲያነቡ ቈዩ። ከዚያ በኋላ የሆነው መዘግየት ብቻ ነው። በ2008 ማይክሮሶፍት ያቀረበውን የ44.6 ቢሊዮን ዶላር ግዢ አልቀበልም አለ፤ ማውጫውን በ2014 መጨረሻ ዘጋ፤ ዋናው ሥራው በ2017 ለቬራይዘን በ4.48 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። በፈቃደኞች የተሠራውና በ1998 የጀመረው ኦፕን ዳይረክተሪም በ2017 ተዘጋ። ሰው አንብቦ የሚመድባቸው የታላላቆቹ ማውጫዎች ዘመን በዚህ አለቀ። ጉግል ግን በኋላ ጊዜ መልሱን በራሱ ገጽ ላይ ማሳየት፣ ካርታውንና ዋጋውን፣ የአየሩንም ሁኔታ እዚያው መስጠት መጀመሩን ሳናስተውል ማለፍ አይገባም። በር ሲያድግ ኬላ ወደ መሆን ያዘነብላል።

እስካሁን ያየነው የአሜሪካ ታሪክ ስለ ሆነ፣ ፖርታል የግድ ይወድቃል የሚል አሳብ ሊያሳድር ይችላል። የኮሪያ ታሪክ ይህን ያፈርሳል። ናቨር በ1999 በሊ ሄ ጂን ተመሠረተ። በዚያን ጊዜ በኮሪያ ቋንቋ የተጻፈ ገጽ ጥቂት ስለ ነበረ፣ የፈለገውን ያህል ብልህ የሆነ መፈለጊያ ቢሠራ የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ናቨር በ2002 ጂሺክ ኢን የተባለውን አገልግሎት ከፈተ። በዚህ አንዱ ተጠቃሚ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ጥያቄውና መልሱ ተከማችቶ ለሚቀጥለው ፈላጊ ይቀርባል። ቀጥሎም ብሎግና የማኅበር ገጾች ተጨመሩ። ያሁ ኮሪያ ከናቨር ቀድሞ በ1997 የገባ ቢሆንም በ2012 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ናቨር የአገሩ ዋና በር ሆኖ ቈይቷል። ምክንያቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ የበሩ ማማር አይደለም። ናቨር ከበሩ ወዲያ ያለውን ከተማ ራሱ ሠራ፤ ይልቁንም ሕዝቡ እንዲሠራው ስፍራ ሰጠ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በናቨር ውስጥ የተጻፈው በናቨር ውስጥ እንዲገኝ የተሰናዳ ስለ ነበረ ከውጭ ያለው ገጽ ተገፋ። ጋዜጦችም ጽሑፋቸው በፖርታሉ ገጽ ላይ ስለሚነበብ አንባቢያቸውን በራሳቸው ደጅ የሚያገኙት ጥቂት ሆኑ፤ የዜናው ቅደም ተከተል በማን እንደሚወሰን የተነሣው ክርክር በረታ። በ2018 በፖርታሉ የዜና አስተያየት መስጫ ላይ የድጋፍ ቍጥር በመሣሪያ ተጭበርብሮ መገኘቱ ትልቅ የፖለቲካ ጕዳይ ስለ ሆነ፣ ናቨር በዚያው ዓመት ዜናን ከእጅ ስልክ መነሻ ገጹ እንደሚያወጣ አስታወቀ። አንድ በር ብቻ ባለበት አገር በረኛው ሳይወድ ባለሥልጣን ይሆናል።

የፖርታል ዐይነቶችን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መለኪያ ስፋት ነው። ሁሉን የሚይዘው አጠቃላይ ፖርታል ሲባል፣ በአንድ ሙያ ወይም ንግድ የተወሰነው የአንድ ዘርፍ ፖርታል ይባላል። ለሁለተኛው ቨርቲካልኔት ምሳሌ ነው፤ በ1995 ሲጀምር የመጀመሪያው ገጹ ስለ ውሃ ማጣሪያና ስለ ውሃ አቅርቦት ሙያ ብቻ ነበር። ይህ አከፋፈል ትክክል ቢሆንም፣ ከላይ ባነሣነው ጥያቄ መለየቱ የበለጠ ያስረዳል፤ ባለቤቱ ከሰው መቈየት ይጠቀማል ወይስ አይጠቀምም?

የማይጠቀሙ ሁለት ዐይነቶች አሉ። አንደኛው የመሥሪያ ቤት ፖርታል ነው። በ1998 መጨረሻ በሜሪል ሊንች የወጣ አንድ የጥናት ዘገባ ይህን ስም ካስተዋወቀ በኋላ ኩባንያዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸውና ለተማሪዎቻቸው አንድ የይለፍ ቃል ተጽፎ ደመወዙም፣ ውጤቱም፣ ደብዳቤውም የሚታይበትን ገጽ አሠሩ። በዚህ ተጠቃሚው ሌላ በር አይመርጥም፤ ባለቤቱም ማስታወቂያ አይሸጥም። የእነዚህ ፖርታሎች ድክመት ሌላ ነው። ከጀርባ ያሉት ክፍሎች መዝገባቸውን አንድ ካላደረጉ፣ በሩ አንድ ሆኖ ጓዳው አሥር ይሆናል።

ሁለተኛው የመንግሥት ፖርታል ነው። አሜሪካ በሴፕቴምበር 2000 ፈርስትጎቭን ከፈተች፤ በ2007 ዩ ኤስ ኤ ዶት ጎቭ ተብሎ ስሙ ተለወጠ። እንግሊዞች ከሁለት ሙከራ በኋላ በ2012 ጎቭ ዶት ዩኬን አቋቁመው ከ300 የሚበልጡ የመንግሥት ክፍሎችን ገጾች ወደ አንድ ሰበሰቡ። የዚህ ሥራ ልዩነቱ ብዙ ገጽ በመሰብሰቡ ብቻ ሳይሆን ብዙ ገጽ በመሰረዙም ነው፤ ዜጋው የማይፈልገው ጽሑፍ እንዲወጣ ተደረገ። ኢስቶኒያ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነገር አደረገች። በ2001 የመሥሪያ ቤቶቹን መዝገብ እርስ በርስ የሚያገናኝ ኤክስ ሮድ የተባለ መስመር ዘርግታ ከዚያ በኋላ በ2003 ፖርታሉን ከፈተች። አስቀድሞ መንገድ፣ በኋላ በር ማለት ነው። ባለ ጕዳይ ማመልከቻ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለስበት አገር ሁሉ ከዚህ ቅደም ተከተል የሚማረው አለ።

የእጅ ስልክ ሲመጣ የበሩ ክርክር እንደ አዲስ ተነሣ። የጃፓኑ ዶኮሞ በፌብሩዋሪ 1999 አይ ሞድን ሲጀምር በትንሿ ስክሪን ላይ ዝርዝር ሰጠ፤ ሒሳቡን በስልክ ሒሳብ እየሰበሰበ ለአገልግሎት ሰጪዎቹ 9 በመቶ ብቻ ቀንሶ አስረከበ። ይህ የሚኒቴል ልጅ ነው። በሌላ በኩል ፌስቡክ ፍሪ ቤዚክስ በሚል ስም በድኻ አገሮች ያለ ክፍያ የሚከፈት፣ ነገር ግን ጥቂት የተመረጡ ገጾችን ብቻ የሚያሳይ በር አቀረበ። የሕንድ የቴሌኮሙኒኬሽን ተቈጣጣሪ በፌብሩዋሪ 2016 እንዲህ ያለውን የዋጋ ልዩነት ከለከለ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ገንዘብ የሌለው ሰው ምንም ከሚያጣ ትንሽ ቢያይ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ በሌላ ሰው ምርጫ የታጠረውን ኢንተርኔት ነው ብሎ ያምናል የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ የመጀመሪያው ወገን ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመለስ የኮሪያ ነገር እንደገና ይታወሳል። ኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በጃንዋሪ 1997 ነው። የግእዝ ፊደል ደግሞ በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በሴፕቴምበር 1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በአንዱ የተጻፈው ያንኑ ፕሮግራም ለሌለው ሰው አይነበብም፤ ብዙ ጽሑፍም እንደ ሥዕል ተነሥቶ ይለጠፍ ነበር። ሥዕልን ደግሞ ገጽ እየዞረ የሚያነበው የዚያ ዘመን መሣሪያ አያነበውም። ስለዚህ ታላላቆቹ በሮች በተሠሩባቸው ዓመታት አማርኛ ሊገባባቸው የሚችለው ሰው አንብቦ በእንግሊዝኛ ሲመዘግበው ብቻ ነበር። ይህን ጉድለት በከፊል የሞሉት በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እንደ ናዝሬት ዶት ኮምና ሳይበር ኢትዮጵያ ያሉት ገጾች ዜናውን፣ ውይይቱንና የሌሎች ገጾችን አድራሻ በአንድ ስፍራ ሰብስበው፣ ስማቸው ይህ ቢሆንም ባይሆንም፣ ፖርታል ነበሩ። ከ2006 ጀምሮ ብዙ እንዲህ ያሉ ገጾች በአገር ውስጥ እንዳይታዩ ተዘጉ፤ መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን ያስታወቀው በ2018 ነው። በእነዚያ ዓመታት አንባቢው ወደ ፌስቡክና ወደ ቴሌግራም ገብቶ ነበር፤ አብዛኛውም እዚያው ቀረ። በሜይ 2021 ገንዘብ ለማስተላለፍ የተከፈተው ቴሌብርም ከጊዜ ወደ ጊዜ ሌላ ሌላ አገልግሎት በውስጡ እየጨመረ ስለ ሆነ፣ ከፖርታል የሚለየው በስሙ ነው።

የቀረው ችግር ከበሩ ወዲያ ያለው ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ 20,000 ጽሑፍ አልሞላም። በፍለጋ በኩልም ፊደላችን የራሱ ጠባይ አለው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ሠና ሰ፣ ጸና ፀ በንግግር ስለማይለዩ አንዱ ፀሐይ ሲል ሌላው ጸሀይ ይላል፤ ፊደልን ከፊደል ብቻ የሚያስተያይ መሣሪያ ሁለቱን እንደ ልዩ ልዩ ቃል ይቈጥራቸዋል። በዚህ ላይ ቃሉ ፊትና ኋላው ላይ ምዕላድ እየጨመረ ስለሚሄድ «ቤት» ብሎ የፈለገ «ከየቤታቸው» የሚለውን አያገኝም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ መፈለጊያ መሥራት የሚቻል ሲሆን፣ ሥራውም ከኮምፒዩተር ተማሪ ይልቅ መጀመሪያ የቋንቋ ተማሪን የሚጠብቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ያንግና ፋይሎ በ1994 ያደረጉት፣ ማለት አንድ ሰው ተቀምጦ፣ አንብቦ፣ በመደብ እየከፈለ የሚመዘግበው ማውጫ፣ በእንግሊዝኛ ዘመኑ ያለፈበት ቢሆንም በአማርኛ ገና አላለፈበትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ ሌሎች ኮሌጆችም የየራሳቸው ክምችት አላቸው። በአማርኛ የተጻፉትን ብቻ ከየስፍራው ለቅሞ፣ በርእስ፣ በአውራጃና በዘመን መድቦ አንድ ገጽ ላይ ማውጣት ለጥቂት ተማሪዎች የሁለት ክረምት ሥራ ነው።